በሰሜን ሸዋ ወሬ፣ አዋጅና ማስታወቂያ፡ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፣ አንዱ ደብረ ብርሃን የተቀመጠው የአማራ ክልሉ፣ ሌላው ፍቼ የተቀመጠው የኦሮሚያው። እዚህ የሰበሰብኩት ባብዛኛው ስለ መጀመሪያው ነው፣ ያደግኩትም የሰራሁትም እዛ ስለሆነ። የሰላሌን፣ ማለትም የኦሮሚያውን ሰሜን ሸዋ፣ ነገር የሰላሌ ሰው ይፃፈው።

መጀመሪያ ቃሉ። በአማርኛ «ማስታወቂያ» ሁሉንም የተሸከመ ቃል ነው። ሬዲዮ ላይ ሳሙና የሚያስተዋውቀው ማስታወቂያ ነው፣ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ በእስፒል የሰካው ወረቀትም ማስታወቂያ ነው፣ በንጉሡ ጊዜ የመንግስትን ወሬ የሚያወጣው መስሪያ ቤትም ስሙ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ነበር። ሸዋ ውስጥ ነገሩ እንዴት እንዳደገ ስታይ መደባለቁ አይገርምህም፣ ድሮም ሻጩም ገዢውም መንግስትም የሚለፍፉት እዛው ገበያ ላይ ነበር።

የአዋጅ ዘመን

ስለዚህ ዘመን ብዙ ስለተፃፈ እኔም ማብዛቴ አይቀርም። አንኮበር ከአዲስ አበባ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ጀምሮ የውጭ መልእክተኛና ሚሲዮናዊ ደጅ ይጠና የነበረው እዚያ ነው። ዛሬ የውጭ ግንኙነት ወይም ፕሮቶኮል የምንለው ስራ እኛ ሰፈር ውስጥ ሲሰራ ቆይቷል ማለት ነው (ይሄን ስል ትንሽ ኩራት ቢጤ አይጠፋብኝም)። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም ወደ ሸዋ ሲመጣም ወደ ምኒልክ ቤት ነው የመጣው፣ በኋላ የባቡሩንም ሌላውንም ዘመናዊ ስራ ሲያስጀምር ኖረ።

ሕዝብ ጋ የሚደርሰው ግን በነጋሪት ነበር። አዋጅ ነጋሪው በገበያ ቀን፣ ሰው ሲሞላ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይወጣና ነጋሪቱ ይመታል፣ ከዛ «ስማ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። እቺ አንዷ ሀረግ ዛሬ «ሼር አድርጉ» የምንለውን ሁሉ ጨርሳዋለች፣ የሰማ ሁሉ አዋጅ ነጋሪ ሆኖ ወደ ቀዬው ይገባ ነበር። በ1934 ዓ.ም የወጣው የመንግስት የህግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለውም ከዚሁ ከበሮ ነው።

የአዋጅ አፃፃፍ ምሳሌ ከተፈለገ አፄ ምኒልክ ለአድዋ ዘመቻ ያወጁትን የ1888ቱን የመስከረም ክተት አዋጅ የሚያክል የለም። ለሸዋ ሰው የተባለው ክፍል እንዲህ ይላል፦ «ዘመቻዬ በጥቅምት ነውና፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ።» ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አድርግ፣ ሁሉም ባንድ አረፍተ ነገር አለቀ። እኔ ኮሙኒኬሽን ስራ ላይ በነበርኩ ጊዜ ሦስት ገፅ መግለጫ ፅፈን ቀኑን የረሳንበት አጋጣሚ ስላለ ይቺን አዋጅ ባነበብኩ ቁጥር አፍራለሁ።

የቀረው አጭር ነው። በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረችና መንግስቱም ወሬውም ወደዛ ሄደ። ፖስታ በ1886 መጣ፣ የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር ደግሞ ወደ ሐረር ነው የተዘረጋው። በጣሊያን ጊዜ በራስ አበበ አረጋይ ስር የነበረው የሸዋ አርበኛና የከተማው ውስጥ አርበኛ የሚገናኙት በመልእክተኛና በደብዳቤ ነበር።

ገበያ፣ ጥሩምባ፣ ላሊበላ

ቆላውና ደጋው የሚገናኘው ገበያ ላይ ስለሆነ ወሬም የሚገናኘው እዛው ነው። ከአንኮበር ስር ያለችው አልዩ አምባ የቅፍለት ገበያ ነበረች፣ ጨው ከአፋር በረሃ ወደ ላይ ይወጣባት ነበር። ዛሬም ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ስትወጣ፣ ዞኑን ለቀህ ማለት ነው፣ ሰንበቴ ላይ እሁድ እሁድ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ላይ ይገበያያል። አፋሮቹ «ዳጉ» የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው፣ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን፣ ዝናቡን፣ ሳሩን፣ የጠፋውን ግመል በዝርዝር ይነጋገራል፣ ውሸት መጨመር ትልቅ ነውር ነው። ነጋዴዎቻችን የአፋሩን መንገድ ሁኔታ ከሬዲዮ ይልቅ ከዳጉ ነው የሚያምኑት፣ እውነታቸውን ይመስለኛል።

በከተማ ውስጥ ዋናው የአየር ሰዓት የእድር ጥሩምባ ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነች፣ የህዳር ሌሊት እንዴት እንደሚቆረጥም ያየው ያውቀዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ጠምጥሞ የሚወጣው ጥሩምባ ነፊ መጀመሪያ ሁለቴ ይነፋል፣ ውሻ ሁሉ ይነሳበታል፣ ከዛ የሟቹን ስም፣ የቤቱን አቅጣጫ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተክርስቲያን ተናግሮ «ያልወጣ ይቀጣል» ብሎ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ይሄዳል። ለሩቅ ዘመድ የሚነገረው መርዶ ግን በጥሩምባ አይሆንም፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚነግረው። ስልክ ከመጣ ወዲህ ያለው ዘዴ «አባባ ትንሽ አሟቸዋል፣ ና እስቲ» ማለት ነው፣ ተደዋዩም «ትንሽ» የምትለዋን ሲሰማ ሻንጣውን ይዘጋል።

ላሊበሎችን እዚህ ማስገባቴ ሊያከራክር ይችላል። ሰሜን ሸዋና ወሎ ውስጥ የታወቁ፣ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆመው እየዘፈኑ የሚለምኑ ናቸው። ካልለመኑ ስጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚባለው ወሬ ነው፣ እነሱ ራሳቸውም ባንድ አፍ አይናገሩትም። ለኔ የሚገርመኝ አሰራራቸው ነው፦ ከመዝፈናቸው በፊት ከጎረቤት የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ ማን ውጭ ሀገር እንደሄደ ጠይቀው ይይዛሉ። እናቴ በር ሳትከፍት ስሟን ከነልጆቿ ሲያወድሱላት ሰምታ ባዶ እጃቸውን ሸኝታቸው አታውቅም። ዛሬ ስልካችን ስማችንን ጠርቶ ጫማ ሊሸጥልን ሲሞክር እነሱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ታፔላና ጣሳ

የንግድ ማስታወቂያ መሰረቱ ታፔላ ነው፣ ቃሉም ከጣሊያንኛ የቀረ ነው። በፊት በቀለም ነበር የሚፃፈው፣ አሁን ባነርና ላይት ቦክስ ሆኗል። የከተማዋን ስም አንዱ «ብርሃን» ሌላው «ብርኃን» ብሎ ይፅፈዋል። ስሙን ያወጣላት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው ይባላል፣ ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት፤ ብርሃኑ ምን እንደነበር ይከራከሩበታል፣ ኮሜት ነው የሚልም አለ፣ የሀገሩ ሰው ግን ምንም ጥርጥር የለውም።

ከታፔላ የቀደመ ምልክትም አለ፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ፣ ጠላ ቤት ማለት ነው። ማንበብ አይጠይቅም፣ ከሩቅ ይታያል፣ ጠላው ሲያልቅ ይወርዳል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሚጠመቀው ቢራ ሁሉ ዝም አለ፣ ጣሳው ግን እንደተሰቀለ ነው። የደብረ ብርሃን አረቄም በሬዲዮ ተዋውቆ አያውቅም፣ አዲስ አበባ ድረስ በስሙ ነው የሚፈለገው። ብርድ ልብሱም እንደዛው፣ ፋብሪካው በ1957 ከተቋቋመ ጀምሮ የከተማው ስምና የብርድ ልብሱ ስም አብረው ነው የሚነሱት፣ አንዳንዱ እንደውም ከተማዋን የሚያውቃት ከለበሰው ነው።

ጣርማ በርን ወርደህ ደብረ ሲና ስትደርስ ሌላ ትምህርት ቤት አለ። አውቶብሱ ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይዘውታል፣ አንዷ መጀመሪያ በነፃ ጥቂት እጅህ ላይ ታፈስልሃለች፣ ከዛ ዋጋ ትናገራለች፣ አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ ዋጋው ይወርዳል። አምና ሳልፍ አንዷ የዘንቢሏ ጎን ላይ በካርቶን የቴሌብር ቁጥር ለጥፋ ነበር (ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ነው)። ሹፌሩ ጋዝ ሲረግጥ ከመስኮቱ የሚላክላትን ብር ሳታረጋግጥ ቆሎውን ወረወረችልን፣ ከፍሎ ነው አልከፈለም ብላ የሮጠችም አይመስለኝም።

ከዚህ ሌላ መናኸሪያ ውስጥ «አዲሳባ አዲሳባ፣ አንድ ሰው የቀረው!» የሚለው ረዳት አለ፣ መኪናው ባዶ ነው። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ የክትባት ዘመቻ፣ የኮንሰርት፣ የውሃ ክፍያ የሚለፍፍም አለ። መንገድ ዳር ዣንጥላ ዘርግቶ መዝሙር ከፍቶ ለቤተክርስቲያን ማሰሪያ የሚለምነውን ደግሞ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ታገኘዋለህ።

ጋዜጣ፣ ሬዲዮ፣ ኮሙኒኬሽን

አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ አለ፣ ቴሌቪዥን በ1957 ገባ። የክልሉ በኩር ጋዜጣ በ1987 ተጀመረ፣ አሳታሚው ድርጅት ዛሬ አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) የሚባለው ነው፣ ደብረ ብርሃንም የራሷ ኤፍ ኤም አላት። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ሲከፈት በሺ የሚቆጠር ወጣት መጣ፣ ከዛ በኋላ ነው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሁሉ በ«ክፍል ይከራያል»ና በ«ቱቶር እንሰጣለን» ወረቀት የተሸፈነው።

ድሮ ሕዝብ ግንኙነት የሚባለው ክፍል ኮሙኒኬሽን ተብሏል፣ ስራው ግን ያው ነው፣ ጋዜጠኛ መጥራት፣ ማጓጓዝ፣ «ሽፋን» ማግኘት። ባንድ መስሪያ ቤት ምረቃ ላይ ካሜራው ዘግይቶ ሲደርስ ሪባኑ ተቆርጦ ነበርና በእስፒል አያይዘን ደግመን አስቆረጥን፣ ኃላፊው ሁለተኛውን ጊዜ የበለጠ ፈገግ ብለው ነው የቆረጡት፣ ዜና የሆነውም ሁለተኛው ነው። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ስልክና ኢንተርኔት

ሞባይል ወደ ሀገሪቱ የገባው በ1991 ነው፣ መንዝና ምንጃር ድረስ ለመድረስ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል፣ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ በስሙ የሚታወቅበት ቀበሌ ነበር፣ ሰው እዛ ወጥቶ ነው የሚደውለው። አሁን የወረዳ መግለጫ የሚወጣው ፌስቡክ ላይ ነው፣ የበሬ ዋጋ ቴሌግራም ላይ ይጠየቃል።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወር ተቋረጠ። ስለ ምክንያቱ እዚህ አልገባም። የሆነው ግን፣ ፎቶና ሰነድ በፍላሽ ሆኖ በሚኒባስ ረዳት እጅ አዲስ አበባ ይሄድ ጀመር፣ ቴሌግራም ላይ ሲሸጥ የነበረው ጎረቤቴም ካርቶን ላይ «ጤፍ አለ» ብሎ ፅፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ ካርቶኑን አላወረደውም፣ ዝናብ አጥቦት «አለ» የምትለዋ ብቻ ነው የምትነበበው፣ ሰው ግን ገብቶ ይጠይቃል።