ቀኖና ምንድን ነው? ዕዳ መክፈያ ስላልሆነው የንስሐ ክፍል

«ኃጢአቴን በቀኖና ከፈልኩ።» «ያን ሁሉ በድሎ አርባ ቀን ጾም ብቻ? ቀለለለት!» «ክርስቶስ ደሙን አፍስሶልን ሳለ ካህኑ ስግደት የሚቆጥርብን ለምንድን ነው?» ሦስቱ ተናጋሪዎች የሚጣሉ ይመስላሉ። አንዱ በጨረሰው ይመካል፣ አንዱ በሌላው ይፈርዳል፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያንን ይከሳል። የስሕተታቸው ሥር ግን አንድ ነው፤ ሁሉም ቀኖናን፣ ማለትም ካህኑ ለተናዘዘ ሰው የሚያዝዘውን ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት፣ እንደ ዋጋ ያዩታል። ቀለለ የሚለውም ከበደ የሚለውም ያው ሚዛን ይዞ ቆሟል፤ በአንዱ ወገን ኃጢአት፣ በሌላው ወገን ጾምና ስግደት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት እንዲህ ያለ ሚዛን የለም።

ቃሉ «ካኖን» ከሚለው ግሪክ የመጣ ነው፤ መነሻ ትርጉሙ አናጢ ቀጥ ያለውን ከጠማማው የሚለይበት መለኪያ ዘንግ ነው። የመጻሕፍት ቀኖና፣ የጉባኤ ቀኖና፣ የንስሐ ቀኖና የምንለው ሁሉ ከዚያ ወጣ። አንዳንድ ሰባክያን ቃሉን «ቀና» ከሚለው አማርኛ ያዛምዱታል፤ ድምፁ ይገጥማል፣ ዘሩ ግን ሌላ ነው። ያም ሆኖ ለአድማጭ የሚሰጡት ስሜት ከእውነቱ አይርቅም፤ በቃሉ ውስጥ ማስተካከል አለ፣ መክፈል የለም።

የክፍያ ሐሳብ ከየት እንደሚነሣ ለማየት ሉቃስ 15ን ቀስ ብሎ ማንበብ ይበቃል። ታናሹ ልጅ ከእሪያዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ለአባቱ የሚናገረውን ያሰናዳል። በቁጥር 18 እና 19 ንግግሩ ሦስት ክፍል አለው፦ በደልሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። ሦስተኛው የደመወዝ ቋንቋ ነው፤ ሠርቼ ልብላ፣ ሠርቼ ልካስ ማለት ነው። በቁጥር 21 ከአባቱ ፊት ሲቆም ግን የሚናገረው ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስተኛውን ሳይደርስበት አባቱ ለባሮቹ ልብስ፣ ቀለበት፣ ጫማ አምጡ ይላል። (ሦስተኛውን ክፍል በቁጥር 21 ላይም የሚጨምሩ የጥንት የግሪክ ቅጂዎች አሉ። እነሱን ብንከተል እንኳ አባትየው ለልመናው መልስ አይሰጥም፤ ስለ ሞያተኛነት አንድም ቃል አይናገርም።) አባቱ ሮጦ አንገቱን ያቀፈውም በቁጥር 20 ነው፤ ልጁ ገና ሩቅ ሳለ፣ አንደበቱን ሳይከፍት። ምሕረት ከኑዛዜው ቀድሟል። ቀኖናን ዋጋ የሚያደርግ ሰው አባትየው ዝም ብሎ ያለፈውን ያን ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር መልሶ ያመጣል።

ታዲያ ምሕረቱ ቀድሞ ከተሰጠ ቀኖናው ለምን አስፈለገ? የተሰበረ እጅን አስቡ። ወጌሻ አጥንቱን ስቦ ቦታው ላይ ያገጥመዋል፤ ቀጥሎም በቀርከሃ አስደግፎ በጨርቅ ያስረዋል። አጥንቱን የሚያያይዘው ቀርከሃው አይደለም። የሚያያይዘው በሥጋው ውስጥ ያለው፣ ወጌሻውም በሽተኛውም ያልሰጡት ሕይወት ነው። የቀርከሃው ሥራ የገጠመው አጥንት እስኪጸና ድረስ እንዳይናወጥ መያዝ ብቻ ነው። አርባ ቀን ታስሮ የቆየ ሰው «የስብራቴን ዋጋ ከፈልኩ» አይልም። በሦስተኛው ቀን ፈትቶ የጣለውም ወጌሻውን አልበደለም፤ እጁ ግን ጠምሞ ይገጥማል።

ይህ ምሳሌ ከራሱ ከቤተ ክርስቲያን አነጋገር ብዙም አይርቅም። ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ለንስሐ አባቶች መመሪያ የሆነው መጽሐፍ ስሙ «ፋውስ መንፈሳዊ» ነው፤ መንፈሳዊ መድኃኒት ማለት ነው። ርእሱን ያወጣው ሰው የፍርድ ቤት ወይም የገበያ ቃል መምረጥ ይችል ነበር፤ አልመረጠም።

ቀርከሃው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራበታል። ላልቶ ከታሰረ አጥንቱ ይጠምማል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጠብቆ ከታሰረ ግን ደም ይታገዳል፣ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፣ በመጨረሻ እጁ ይቆረጣል። ሐኪሞች አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ይህን ነው፤ በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ምክንያት እጅ የሚያጡ አሉና። ከአቅም በላይ የተሰጠ ቀኖናም እንዲሁ ነው። ሰውየው መፈጸም ያቅተዋል፣ ያፍራል፣ ከንስሐ አባቱ ይሸሻል፣ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። ቅዱስ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፥6–7 የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው፦ የተቀጣው ሰው ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት። ለብዙዎቻችን የላላው ቀኖና ያሳስበናል፤ ሐዋርያው ግን የፈራው የጠበቀውን ነበር።

የጥንቱን ሥርዓት አጥብቆ የሚጠቅስ አንድ ተከራካሪ «አባቶቻችን ዓመታት ይቀጡ ነበር፤ የዛሬዎቹ ካህናት አላሉት» ይላል። ዓመታቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በ11ኛው ቀኖና (የጉባኤው ድንጋጌ)፣ ክርስቲያኖችን ባሳደደው በሮማዊው ገዢ በሊኪንዮስ ዘመን ሳይገደዱ፣ ንብረታቸው ሳይወሰድ፣ አደጋ ሳያሰጋቸው ለካዱ ሰዎች 3 ዓመት ከሚሰሙት (ንባብና ስብከት ብቻ ሰምተው ከሚወጡት)፣ 7 ዓመት ከሚሰግዱት (ተንበርክከው ጸሎት ከሚደረግላቸው) ጋር፣ 2 ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ ከምእመናን ጋር በጸሎት እንዲቆዩ ወሰኑ። ድምሩ 12 ዓመት ነው። ነገር ግን ውሳኔው የሚጀምረው እነዚህ ሰዎች ርኅራኄ የማይገባቸው ቢሆኑም በርኅራኄ ይታዩ በማለት ነው። ተከራካሪው ይህን መግቢያ ሲጠቅስ አይሰማም። ቀጣዩን 12ኛውንም እንዲሁ ያልፈዋል፤ በእንባ፣ በትዕግሥትና በበጎ ሥራ መመለሱን ላሳየ ሰው ኤጲስ ቆጶሱ ሊያቀልለት እንደሚችል፣ ግድ ሳይሰጠው የሚመላለሰው ግን ዘመኑን ሁሉ እንዲፈጽም ይላል። 13ኛው ደግሞ ለሞት የተቃረበ ሰው ቁርባን እንዳይከለከል ያዝዛል፤ ቢድን ከጸሎተኞቹ ጋር ይቆያል። (የቀኖናዎቹ ቁጥር የግሪኩ ነው፤ በዓረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ የገባው ስብስብ አቆጣጠሩ ይለያል።) ዋጋ ቢሆን ኖሮ በገዢው እንባ አይቀነስም፣ ገዢው ስለ ታመመም አይተውም። ሕክምና ግን በሽተኛው ሲሻለው ያጥራል።

የመሳሳቱን ምክንያት ግን መካድ አይገባም። በእኛ ሥርዓት ተነሳሒው ከተጸጸተ በኋላ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ ፈጽሞ ይመለሳል፣ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ይጸልይለታል፣ ከዚያ ሥጋ ወደሙን ይቀበላል። ይህ ፍትሐት፣ ማለትም ከኃጢአት መፍታቱ፣ ከቀኖና በኋላ ስለሚመጣ ላይ ላዩን ሲታይ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ይመስላል። (ፍትሐት ለሙታን ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በቅዳሴያችን ግን «ፍትሐት ዘወልድ» የሚጸለየው በሕይወት ቆመን ለምናስቀድሰው ነው።) ወደ ወጌሻው እንመለስ። ማሰሪያውን የሚፈታው በመጨረሻ ነው፤ መፍታቱ ግን አጥንቱን አልፈወሰም። ዳሰሰና መጽናቱን አየ፣ ፈታውና «በል እጅህን ተጠቀምበት» አለ። በንስሐም ካህኑ ከእግዚአብሔር በተሰጠው ሥልጣን፣ በዮሐንስ 20፥23 መሠረት ይፈታል፤ ሥርየቱ የሚመነጨው ከተሰገደው ስግደት ሳይሆን ከክርስቶስ ደም ነው። በዚህ ላይ ምሳሌዬ ያጥራል፤ ወጌሻው ስለ በሽተኛው አልሞተም።

ሌላው የተምታታው ነገር ካሳ ነው። የሰረቀ ሰው ሰባት ቀን ቢጾም የሰረቀው ገንዘብ ለባለቤቱ አልተመለሰም። ስም ያጠፋ ሰው መቶ ስግደት ቢሰግድ የጠፋው ስም አልተመለሰም። ይህ በእርግጥ ዕዳ ነው፤ ለሰው የሚከፈል ዕዳ፣ ከቀኖናው የተለየ። ካህኑ መጀመሪያ «መልስ» ይላል፤ የተሰረቀው ሰው በሕይወት ከሌለ ለወራሾቹ፣ እነሱም ካልተገኙ ለድሆች። ዘኬዎስ በሉቃስ 19፥8 አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለበደላቸው ሰዎች ነው እንጂ ለጌታ አይደለም። ያን ቃል ያወጣውም ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ያሳዝናል፤ ለእግዚአብሔር ሊከፈል የማይችለውን በጾም ከፍያለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ለጎረቤቱ ሊከፈል የሚገባውን ይተዋል።

«በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ምን ቀኖና ነበረው?» የሚለውም ጥያቄ መልስ ይገባዋል። አልነበረውም። «አስበኝ» አለ፣ በዚያው ቀን ገነት ገባ። ይህ ሥርየት በቀኖና እንደማይገዛ ከሁሉ ይልቅ ያሳያል። ቀኖና አያስፈልግም የሚል ግን አይወጣበትም፤ ወንበዴው ወደ ቤቱ አልተመለሰም፣ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ዳግም አልተገናኘም፣ በማግስቱ የሚፈትነው እጅ አልነበረውም። ቀኖና ለነገ ነው፤ ለእኛ ነገ አለን። ወንጌላውያን ወገኖቻችን በኑዛዜና በካህን ሥልጣን ላይ የተለየ አቋም እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ያ ሌላ ውይይት ነው።

ቀኖና ለነገ ስለሆነ ዓይነቱ ከሕመሙ ጋር ይገጥማል። ስስት ያለበትን ምጽዋት፣ ትዕቢት ያለበትን ስግደትና ከሰው በታች ሆኖ ማገልገል፣ ሰው ያማን ስላማው ሰው በየቀኑ መጸለይ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ማዘዝ ለራስ ምታትም ለስብራትም አንድ ክኒን እንደ መስጠት ነው። ጊዜም ይታያል፤ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ስለ ንስሐ አይሰገድም፣ በእነዚያ 50 ቀናት ጾምም የለም፤ ስለዚህ ካህኑ የሚያዝዘው መዝሙር 50ን የመሰለ ጸሎት ወይም ምጽዋት ይሆናል። በስቅለት ዓርብ ማታ በወይራ ቅጠል ጀርባ ተነክቶ የሚሰጠው የስግደት ቁጥርም የዓመቱ ንስሐ አይደለም፤ የዕለቱ ሥርዓት ነው። ያን ብቻ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ከንስሐ አባት የሚርቅ ሰው ማሰሪያውን ጠቅልሎ አጥንቱን ሳያሳይ እንደ ሄደ ነው።

የራሳችንን ሁኔታ ካልተናገርን ካህኑ ሊያውቅ አይችልም። ከኑዛዜው ጋር አብሮ የሚነገር ነገር አለ፦ የስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም፣ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት፣ እርግዝና፣ ማጥባት፣ የሌሊት ሥራ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብትል አሠሪዎቿ ላይፈቅዱ ይችላሉ፤ የምትሰግድበት የራሷ ክፍል ላይኖራት ይችላል። ይህን ከተናገረች ሳህን እያጠበች በልቧ የምትደግመው አጭር ጸሎት ቀኖናዋ ሊሆን ይችላል፤ ከገዳም ስግደት ያነሰ አይደለም። በጭንቀት ሕመም የሚሠቃይ፣ የተናዘዘውን ደጋግሞ የሚናዘዝ ሰው ደግሞ ቁጥር ያለው ቀኖና ሲሰጠው ጭንቀቱ ሊባባስ ይችላል፤ «አንዱን ዘለልኩ» እያለ ከዜሮ ይጀምራልና። ለእርሱ አጭርና መቁጠር የማያሻው ይሻላል፣ ሐኪምም ማየት አለበት። በራስ ላይ ቀኖና መጫን ግን ለማንም አይመከርም፤ ሰው የራሱን እጅ ራሱ ሲያስር ወይ ያላላዋል ወይ ያጠብቀዋል።

የተሰጠውን ሳይፈጽም ቀርቶ ያፈረ ሰው ብዙ ነው። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከንስሐ አባቱ ይሸሻል፤ መጀመሪያ ልጨርስ፣ ከዚያ እሄዳለሁ ይላል። ተቃራኒውን ያድርግ። ሰባት ቀን ታዝዞ ሁለቱን ብቻ የጾመ፣ በሦስተኛው በዚያው ኃጢአት የወደቀ ሰው በአራተኛው ቀን ሄዶ ይህንኑ እንዳለ ይንገር። ካህኑ ጾሙን ወደ ጸሎት ሊለውጠው፣ ሊቀንሰው ወይም ባለበት እንዲቀጥል ሊያዝዘው ይችላል፤ 12ኛው የኒቅያ ቀኖና ለኤጲስ ቆጶስ ያመለከተው ማመዛዘን ይኸው ነው። ማሰሪያው የጠበቀበት ሰው ጣቱ እስኪጠቁር አይጠብቅም፤ በዚያው ሌሊት የወጌሻውን ደጅ ያንኳኳል።