«ወፈር ያለውን ጨምርልኝ»

ጋራዥ ውስጥ በየሳምንቱ የማትቀርብኝ ንግግር አለች፦ «ወንድሜ፣ ወፈር ያለውን ዘይት ጨምርልኝ፤ ሞተር ይጠብቃል።» እሷ ላይ ከመድረሴ በፊት ታናናሾቿን ልጨርስ።

«የዘይት ቆርቆሮ ላይ 5W-30 (እኛ 5/30 የምንለው) ሲል ደብሊው ክብደት ነው።» አይደለም፤ የእንግሊዝኛው ዊንተር ነው። ብርድ ማለታቸው እንጂ የእኛን የሐምሌ ዝናብ አያውቁትም።

«ዘይቱ ጠቁሯል፣ ሞቷል።» ጥቀርሻ እየሰበሰበ ነው። ሥራው ነው።

«5/30 ሲሞቅ ከ5 ወደ 30 ይወፍራል።» የትም አይሄድም። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ አለቀ። የፊተኛው ቁጥር በብርድ፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካ ነው፤ ሚዛናቸው ለየቅል ነው። ይኸው 5/30 በ40 ዲግሪ ላይ በ100 ዲግሪ ካለው ውፍረት ስድስት እጥፍ ገደማ አለው።

አሁን ወደ ዋናዋ። ክራንክ ሻፍት፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ብረት ለብረት እየተፋተገ አይዞርም። ሲሽከረከር ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ይከተዋል፤ እዚያ የተጨናነቀው ዘይት ብረቱን ያነሳዋል። ታወር የሚባል እንግሊዛዊ በ1883 የባቡር አክስል ኩሽኔት ሲፈትሽ አናቱ ላይ ከበሳው ቀዳዳ ዘይት ወጣበት። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተፈነቀለ። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ወጣ። በ1886 መሐንዲሱ ሬይኖልድስ ነገሩን በሒሳብ ሲያስረዳ ዘይቱ በሙቀት እንዴት እንደሚቀጥንም ጨምሮ አስልቷል።

እውነት ነው፣ ወፍራም ዘይት ወፍራም ንጣፍ ይሠራል። ግን የዘይቱ ንብርብር እርስ በርስ ሲሻሸ ይሞቃል፤ የወፈረው ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። በክፍተቱ የሚያልፈውም ስለሚያንስ ሙቀቱን ይዞ አይወጣም። ሲግል ይቀጥናል፣ ያውም እዚያው በሚፈለግበት ቦታ። ከከፈላችሁበት ውፍረት ከፊሉ እንዲሁ በነነ ማለት ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ቪትዟ እንጦጦ ሥር ያድራል። ጠዋት ሲነሳ ያንኳኳል ብላ መጣች። ማኑዋሉ 5/30 ይላል፤ ሌላ ጋራዥ «ለደህንነቱ» ብሎ 20/50 ሞልቶላታል። በዚያ ብርድ ዘይቱ የሞተሩ አናት እስኪደርስ ብረቱ ደረቁን ይሠራል። ዘይቱን ቀየርን፣ ድምፁ ጠፋ።

«የእኔ እኮ አሮጌ ነው፣ ያጨሳል» ትሉኛላችሁ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ካለቀ ፋሻው ይቀየር። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጊዜው ይደብቅላችኋል እንጂ ፋሻ አይሆንም። ቀጭን ይሻላል እያልኩም አይደለም፤ 20/50 የተጻፈለት ሞተር 20/50 ይጠጣ። ማኑዋሉን ክፈቱ። በጃፓንኛ ከሆነም ይዛችሁት ኑ፤ ቁጥሩ ያው ነው።