የፍሬኔል ቀጠና ምንድን ነው?

አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከከተማ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ክሊኒክ ከፍቷል እንበል። የኢንተርኔት መስመር እዚያ አልደረሰም፤ የሳተላይት ወርሃዊ ክፍያም ከአቅሙ በላይ ነው። የሚቀረው አማራጭ አንድ ዲሽ አንቴና በከተማው ጫፍ ባለ ሕንፃ ላይ፣ አንድ ደግሞ በክሊኒኩ ጣሪያ ላይ ተክሎ ፊት ለፊት ማገናኘት ነው። ከዚህ ሆኖ ያኛው በዓይን ከታየ ብዙዎች ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። እየተያዩ የማይግባቡ አንቴናዎች ግን ሞልተዋል፤ ጥፋተኛውም ብዙውን ጊዜ የፍሬኔል ቀጠና መዘጋቱ ነው።

የራዲዮ ሞገድ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው በቀጭን መስመር አይጓዝም። ከቀጥታው መንገድ ወጣ ብሎ የሚሄደውም ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳል፤ የሚሰማው ጉልበት የሁሉም ድምር ነው። የመጀመሪያው የፍሬኔል ቀጠና የሚባለው፣ ዞሮ የመጣው ሞገድ ከቀጥተኛው ከግማሽ የሞገድ ርዝመት ያልበለጠ ትርፍ መንገድ የሚጓዝበት ቦታ ነው። የክሊኒኩ መስመር በ5.8 ጊጋኸርዝ ይሠራል እንበል (ጊጋኸርዝ ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት ነው)፤ ያኔ ይህ ትርፍ 2.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር አንጻር ኢምንት ቢመስልም፣ ሞገዱ መንገዱ አጋማሽ ላይ ከመስመሩ 11 ሜትር ወጥቶ እንዲመለስ ይበቃዋል። ስለዚህ ቀጠናው ሁለት ጫፉ ሹል፣ ወገቡ ወፍራም ነው። ስሙ የተወሰደው ራዲዮ ከመፈጠሩ በፊት የብርሃንን ሞገድነት ካጠናው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ከኦጉስተን ዣን ፍሬኔል (1788–1827) ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ወስዶ በጊጋኸርዙ ማካፈል፣ የውጤቱን ካሬ ሥር አውጥቶ በ8.66 ማባዛት ነው፤ የሚገኘው የወገቡ ሬዲየስ በሜትር ነው። ሁሉም ክፍት መሆን የለበትም፤ በተለምዶ ከሬዲየሱ 60 በመቶው ነፃ ከሆነ በቂ ነው። ለክሊኒካችን ይህ 7 ሜትር ገደማ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቢሠራ ግን ቀጠናው ስለሚሰፋ ከ10 ሜትር በላይ ይጠይቃል።

አሁን መሃል መንገድ ላይ 10 ሜትር ቁመት ያላቸው ዛፎች አሉ እንበል። የምድር ክብነት በዚህ ርቀት በሚያስፈልገው ከፍታ ላይ 1.5 ሜትር ያህል ይጨምራል። መሬቱ ሜዳ ከሆነ በሁለቱም ወገን አንቴናው ወደ 19 ሜትር ከፍ ማለት አለበት ማለት ነው፤ ዛፎቹ ማደጋቸውን ሳንቆጥር። ያው ዛፍ ከአንቴናው 1 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን 4 ሜትር ክፍተት ይበቃው ነበር። በበጋ ደህና የነበረ መስመር ክረምት ሲገባ የሚንቀራፈፈውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃ ያዘለ ቅጠል ሞገድ ይውጣል።

በእኔ እምነት ድርጅቶች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ሲደክም ኃይለኛ ራዲዮ ወይም ትልቅ ዲሽ ይገዛሉ። የተዘጋ ቀጠና ግን በጉልበት አይከፈትም፤ የሚከፈተው በከፍታ ነው። ውዱም ከፍታው ነው፤ ምሰሶው፣ መወጠሪያ ሽቦው፣ የመብረቅ መከላከያው በአብዛኛው ከራዲዮው ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በቬንዙዌላ የኔትወርክ ባለሙያው ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ በዋይፋይ 382 ኪሎ ሜትር ሲያገናኝ አንቴናዎቹን ያቆመው ተራራ ላይ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው መሬት ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ምሰሶ አላስፈለገውም።

ተራራው በሁለቱ ጫፎች ሳይሆን መሃል ላይ ከተገኘ ደግሞ ተራራውን ከመዞር ይልቅ አናቱ ላይ ሁለት ራዲዮ፣ የፀሐይ ኃይል ፓነልና ባትሪ ማስቀመጥ ይቻላል። መንገዱ ሁለት የ5 ኪሎ ሜትር ቁራጭ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱም ወገቡ ላይ 5 ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃዋል።