የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችና የሙስሊም ሴቶች መብት በኢትዮጵያ

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሙስሊሞችን የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የሞግዚትነት፣ የውርስና የወቅፍ (ለሃይማኖታዊ በጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት) ክርክሮች የሚዳኙ የመንግሥት ፍርድ ቤቶች ናቸው። ቃዲዎች (የሸሪዓ ዳኞች) ከ1934 ዓ.ም. በፊትም ይዳኙ ነበር፤ ሥልጣናቸው ግን በአዋጅ የተደነገገው በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ያም በ1936 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስማቸውን ሳያነሳ ቢያልፋቸውም ሥራቸውን አላቆሙም። ዛሬ የፌዴራሎቹ የሚመሩት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ፈቃድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። ተከሳሿ አልስማማም ካለች መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይዛወራል። መጥሪያ ደርሷት ካልቀረበች ግን እንደተስማማች ይቆጠራል፤ ከተስማሙ በኋላ ሐሳብ መለወጥም የለም። ባሏን፣ ዘመዶቿንና ጎረቤቶቿን ለምትፈራ ሴት «አልስማማም» ማለት በአዋጁ ላይ እንደተጻፈው ቀላል አይደለም። በአንድ የአዲስ አበባ የውርስ ክርክር ተከሳሾቹ ቢቃወሙም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ ጉዳዩን አይተው ወስነው ነበር። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔውን የሻረው በ1996 ዓ.ም. ነው።

ቃዲ የወንጀል ሥልጣን የለውም። ሚስቱን የደበደበ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 መሠረት የሚጠየቀው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ቃዲው ፊት ድብደባ የሚነሳው ለፍቺ ምክንያት ሆኖ ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። ሴትየዋ ጉዳቱን በምስክር ካስረዳች ቃዲው ጋብቻውን ሊያፈርስላት ይችላል፣ መህሯም (ባል ለሚስቱ በጋብቻ የሚሰጠው ስጦታ) አይነካም። ማስረዳት ካቃታት የሚቀራት ኹልዕ ነው፦ መህሩን መልሳ ነፃነቷን ትገዛለች። በዝግ ቤት የተፈጸመን ዱላ ማን አይቶ ይመሰክራል? ብዙ ጊዜ የተደበደበችው እሷ፣ ከፋይዋም እሷ ትሆናለች። መዝሀቦቹም (የሸሪዓ ሕግ አተረጓጎም ዘርፎች) እኩል አይደሉም፤ ማሊኪው ለጉዳት ሰፊ በር ሲከፍት ሐነፊው ያጠብባል።

መምታትን የሚያነሳው የቁርኣኑ ሱረቱ አን-ኒሳእ ምዕራፍ 34ኛ አንቀጽ በዑለማዎች (በሃይማኖት ሊቃውንት) ዘንድ ሲያከራክር ኖሯል። ቃሉን እንዳለ የሚቀበሉትም ቢሆኑ ፊት እንዳይነካ፣ ምልክት እንዳይተው ሲሉ አጥር አበጅተውለታል፤ ነቢዩ ሴት መትተው እንደማያውቁ የሚተርከውን ሐዲስ የሚያስቀድሙም አሉ። ቀጥሎ ያለው 35ኛው አንቀጽ ከሁለቱም ወገን ሸምጋይ እንዲላክ ያዛል። ሽምግልናው ለተራ ጭቅጭቅ ደግ ነው፤ ለምትደበደብ ሴት ግን ወደዚያው ቤት መመለሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ፍርድ ቤት መምረጥ የንብረት ሕግ መምረጥም ነው። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር የተፈራው ሀብት በመርሕ ደረጃ የጋራ ነው፤ በሸሪዓ ግን የባልም የሚስትም ንብረት የየራሳቸው ነው። በቤት ሥራ ላይ ዕድሜዋን ያሳለፈች ሴት ልዩነቱን የምትረዳው በፍቺ ቀን ነው። ከአንድ በላይ ማግባትን በተመለከተም የቤተሰብ ሕጉ ሲከለክል፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 651 በሕግ ዕውቅና ያገኘ የሃይማኖት ልማድን ተከትሎ ከተፈጸመ አይቀጣም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ብዙ ሴቶች ቃዲን የሚመርጡት በእምነታቸው ነው። መደበኛው ፍርድ ቤት ያፈረሰው ጋብቻ በሃይማኖቱ ካልፈረሰ፣ ሌላ ኒካህ (ሃይማኖታዊ ጋብቻ) ልታስር ስትል ቤተሰቧም ጎረቤቷም አሁንም የሰው ሚስት አድርገው ሊያዩዋት ይችላሉ።