ከቤተ መንግሥት እስከ አስፋልት፦ የቀድሞ ባለሥልጣናት ትዝታ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች ጋ ቆም ካላችሁ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ወፍራም ነው፤ ሽፋኑ ላይ የድሮ ባለሥልጣን አለ። አራት ኪሎ ውስጥ ሆኖ ያልተናገረውን ከወጣ በኋላ የጻፈ ሰው ነው።

ቀደም ካሉት አንዱ ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነር ነበሩ። በ1978 ከድተው አሜሪካ ቀሩ፣ መጽሐፋቸውም በ1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጣ። ዋናው ክሳቸው ከቸርችል ጎዳና ብዙ አይርቅም። መስከረም 1977 ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ፣ እዚህ ከተማው በመብራትና በባንዲራ አሸብርቆ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ይከበር ነበር። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው ትግላችን ሐውልት የዚያ ድግስ ትራፊ ነው።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደግሞ በ2004 ከዚምባቡዌ ሆነው ያወጡትን መጽሐፍ ያንኑ ስም ሰጡት፣ «ትግላችን»። የደርግ ባለሥልጣናት የነበሩት ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ፍሥሐ ደስታ 20 ዓመት ገደማ ታስረው በ2004 ተፈቱና በየተራ ጻፉ። ከኢሕአዴግ ቤት ሚኒስትር ዴኤታ የነበረው ኤርምያስ ለገሰ ስለ አዲስ አበባ መሬትና አስተዳደር፣ በ1993ቱ የሕወሓት ክፍፍል የተገፉት ገብሩ አሥራት ደግሞ ስለ ኤርትራ ጦርነትና ስለ አሰብ ጽፈዋል።

እኔ እነዚህን መጻሕፍት ሳነብ ግሱን ነው የማየው። ደራሲው ደግ ነገር ሲሠራ «ተቃወምኩ»፣ «አስጠነቀቅኩ» ይላል። ክፉው ላይ ስንደርስ ባለቤቱ ብን ይላል፦ «ተወሰነ»፣ «እርምጃ ተወሰደ»። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት 60 ያህል የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች በደርግ ጉባኤ ውሳኔ ተረሸኑ። በጉባኤ የተወሰነ ነገር ለትዝታ ጸሐፊ ይመቻል፣ እጅ ያወጣው ሁሉም ስለሆነ ማንም አይደለም! ከአዟሪ የገዛሁት አንድ አሮጌ ቅጂ ኅዳጉ ላይ የቀድሞው ባለቤት በእርሳስ «አንተስ?» እያለ ሞልቶታል፤ ከመጽሐፉ እሱን ወደድኩት።

ስለዚህ አንዱን ብቻ አትግዙ። ሁለት የማይስማሙ ሰዎች ስለ አንድ ስብሰባ የጻፉትን ጎን ለጎን አድርጉ። አስፋልት ላይ ካጣችሁ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።