ውሃው ነው ወይስ ኪቱ? ስለ ጨው ውሃ አኳሪየም ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸው ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «አልካሊኒቲው ወርዷል፣ ምን ያህል ልጨምርበት?» እያሉ ነው። አልካሊኒቲ ማለት ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ ነው፤ የሚለካውም ዲኬኤች በሚባል መለኪያ ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ «መጀመሪያ ድገሙና ለኩ» እላለሁ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ ኪቴ፣ ማለትም የውሃ መመርመሪያ ዕቃዬ፣ 6.2 ዲኬኤች አሳየኝ። ደንግጬ በሁለት ቀን ውስጥ የአልካሊኒቲ ማሳደጊያ ደጋግሜ ጨመርኩ። የኮራሎቼ ጫፍ ነጣ፣ ሥጋቸውም መላጥ ጀመረ። በኋላ ልኩ በሚታወቅ ማመሳከሪያ ፈሳሽ ኪቱን ፈተሽኩት። ለካ ወደ 2 ዲኬኤች ያህል አሳንሶ ነበር የሚያነበው። ውሃው ምንም አልሆነም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰው የምሰማቸውን የተሳሳቱ ነገሮች እንዲህ አንድ በአንድ አስረዳለሁ።

«ሪፍራክቶሜትሬን በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክዬዋለሁ፤ ከእንግዲህ ትክክል ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ሪፍራክቶሜትር ውሃው ብርሃን የሚያጥፍበትን መጠን አይቶ ጨዋማነቱን የሚለካ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ዜሮ ላይ ትክክል ሆኖ 35 (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው) ላይ ሊስት ይችላል። ርካሽ ከሆኑት ሪፍራክቶሜትሮች ብዙዎቹ የተሠሩት ለተራ ጨው፣ ማለትም ለሶዲየም ክሎራይድ ውሃ ነው። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዥየምም፣ ካልሲየምም፣ ሰልፌትም አለበት፤ ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን ይለያል። እንዲህ ባለው መሣሪያ እውነተኛው 35 የሆነ የባሕር ውሃ 36.5 ገደማ ሆኖ ይነበባል። እናንተ 35 አየሁ ብላችሁ ስትደሰቱ፣ ታንካችሁ ውስጥ ያለው 33.5 አካባቢ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው መሣሪያውን ዜሮ ላይ ሳይሆን 35 ላይ ማስተካከል ነው። ለዚህ የሚሆን ማመሳከሪያ ፈሳሽ ይሸጣል። ካጣችሁት ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። በግራም የሚለካ ጥሩ ሚዛን አምጡ። 36.5 ግራም ደረቅ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም የተጣራ ውሃ ውስጥ አሟሙ። ይህ ፈሳሽ ብርሃንን የሚያጥፈው ልክ 35 እንደሆነ የባሕር ውሃ ነው፤ ስለዚህ ጠብ አድርጋችሁ መስመሩን 35 ላይ አምጡት። ይህ ቅመራ ለሪፍራክቶሜትር ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ለሚለካ መሣሪያ ልኩ ይለያል። ጠርሙሱን በደንብ ክደኑት፤ ውሃው ከተነነ ጨዉ ይበረታል። ጠብታውን ካደረጋችሁ በኋላም ግማሽ ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ጠብታው የመስታወቱን ሙቀት ይያዝ።

ደግሞ 35 የውቅያኖስ አማካይ እንጂ የሁሉም ባሕር ልክ አይደለም። ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ጅዳ ወይም ኤላት ሆናችሁ የባሕር ውሃ የምትቀዱ፣ 40 ገደማ ብታዩ መሣሪያው ተበላሸ አትበሉ።

«ናይትሬት ስለካ ጠርሙሱን ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል»

አይበቃም። በብዙ የናይትሬት ኪቶች ውስጥ ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት የሚለውጥ ደቃቅ ዱቄት አለ። ይህ ዱቄት ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል። በደንብ ካልተናጠ ቀለሙ አይወጣም። ያኔ «ናይትሬቴ ዜሮ ነው» ብላችሁ ትደሰታላችሁ፣ አልጌው ግን መስታወቱን ይሸፍናል። መመሪያው 30 ሰከንድ ናጡ ካለ ሰዓት ይዛችሁ ናጡ። አንድ ደቂቃ ካለም እንደዚያው።

ቀለሙ በጣም ሲቀላስ? 40 ይሁን 80 በዓይን መለየት ከባድ ነው። አንድ እጅ የታንክ ውሃ ከሦስት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ለኩና ውጤቱን በ4 አባዙት። ናይትራይት ያለበት አዲስ ታንክ ከሆነ ግን የናይትሬቱን ቁጥር አትመኑት። ኪቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚያነበው።

«ቀለሙን እዚያው ታንኩ አጠገብ ባነብስ?»

በታንኩ ሰማያዊ መብራት ሥር ያነበባችሁት ቀለም ሁሉ ውሸት ነው። መስኮት አጠገብ ሂዱ።

«ጠብታ ያው ጠብታ ነው»

ጠርሙሱን አዘንብላችሁ ብትይዙት የጠብታው መጠን ይለወጣል። ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። የመጀመሪያዋ ጠብታ አየር ካለባት ድፏት። ቱቦውንም ከምርመራው በፊት በዚያው በሚለካው ውሃ አለቅልቁት፤ ከምርመራው በኋላ ደግሞ በተጣራ ውሃ እጠቡት። በጣት ደፍኖ መነቅነቅም ይቅር። እጃችን ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቱቦው ውስጥ ይገባል።

«ዲጂታል መለኪያ አይሳሳትም»

እኔም ዲጂታል እወዳለሁ፤ ቀለም ከመገመት ያድናል። ግን ብልቃጡ ላይ የጣት አሻራ፣ ጭረት ወይም አረፋ ካለ ብርሃኑን ይይዘዋል። በተለይ ፎስፌት ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ያመጣል፤ የምንፈልገው ቁጥር ራሱ ትንሽ ነውና። ብልቃጡን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ መመርመሪያው ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ያሉትን ሁለቱንም ንባብ በአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ አቅጣጫ አስገብታችሁ ውሰዱ። አንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ የሚያሳየው ፎስፈረስን እንጂ ፎስፌትን አይደለም። ያንን ቁጥር በ3.066 ማባዛት አለባችሁ። ፎስፈረሱ 10 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 10 እጅ) ከሆነ ፎስፌቱ 0.03 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 0.03 እጅ) ገደማ ነው።

«ጠዋት 7.9፣ ማታ 8.3፤ የፒኤች መለኪያዬ ተበላሽቷል»

ላይበላሽ ይችላል። ቀን አልጌውና ኮራሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠቀማሉ፣ ፒኤች ይወጣል። ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል፣ ፒኤች ይወርዳል። የቤቱ አየርም ይገባበታል። በር ዘግታችሁ፣ ሰው ሞልቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና ሲፈላ ፒኤች ቢወርድ አይግረማችሁ። መስኮት ክፈቱ እንጂ ማሳደጊያ አትጨምሩ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ፤ መለኪያውንም በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሽ አርሙት።

«ናሙናውን ላብራቶሪ ልኬያለሁ፤ የቤት ኪት ምን ያደርግልኛል?»

አይሲፒ የሚባለው የላብራቶሪ ምርመራ ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና ጥቃቅን ማዕድናትን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አሞኒያን ወይም ፒኤችን ግን አይነግራችሁም። ውሃው መንገድ ላይ ቀናት ሲቆይ ደግሞ አንዳንዱ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ናሙናውን በምትቀዱበት ሰዓት ከዚያው ውሃ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ራሳችሁ ለኩና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ኪታችሁ ከፍ ወይም ዝቅ እያደረገ እንደሆነ ጎን ለጎን ታዩታላችሁ። እኔ ልዩነቱን በእስክሪብቶ ኪቱ ሳጥን ላይ እጽፈዋለሁ።