የአየርላንድ የጌሊክ እግር ኳስ ሊግ፣ የ2020 የውድድር ዘመን

የአየርላንድ ብሔራዊ የጌሊክ እግር ኳስ ሊግ ብዙውን ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ያልቃል። የ2020ው ግን ጃንዋሪ ላይ ተጀምሮ ኦክቶበር ላይ ነው ያለቀው። ምክንያቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ኮሮና ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ጥቂት እንበል። 15 ለ15 ነው። ኳስ በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፣ ግን ከአራት እርምጃ በላይ ዝም ብሎ ይዞ መሮጥ አይቻልም። ወይ መሬት ላይ ማንጠር፣ ወይ በእግር ጫፍ ነካ አድርጎ ወደ እጅ መመለስ ግድ ነው። የጎሉ ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ይረዝማሉ። ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ የገባ ጎል 3 ነጥብ፣ በላይ በቋሚዎቹ መሀል ያለፈ ደግሞ በ2020 ሕግ 1 ነጥብ ነበር። ስለዚህ ውጤቱ «2-14» ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ጎልና 14 ነጥብ፣ በድምሩ 20 ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም። እሁድ በሺዎች ፊት የተጫወተ ሰው ሰኞ ጠዋት እንደማንኛችንም ሥራ ይገባል።

ሊጉ 32 ቡድኖች አሉት፣ በአራት ዲቪዚዮን ስምንት ስምንት ሆነው ይጫወታሉ። ቡድኖቹ የካውንቲ፣ ማለትም የአውራጃ ናቸው። ኪልኬኒ በሊጉ አይሳተፍም፣ ባሕር ማዶ ያለው ለንደን ግን ይሳተፋል። ሰባት ጨዋታ፣ ለማሸነፍ 2 ነጥብ፣ ሁለት ይወጣሉ፣ ሁለት ይወርዳሉ። ከሊጉ ለብቻው የሚካሄድ የአየርላንድ ሻምፒዮና የሚባል ውድድርም አለ፤ ሰው የሚያብድለት እሱ ነው። ሊጉን «መሟሟቂያ» የሚሉት አሉ፤ የወረደ ቡድን ደጋፊ ግን አይስማማም።

የ2020 ሊግ ጃንዋሪ 25 በደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም በደብሊንና በኬሪ ጨዋታ ተከፈተ። ሁለቱ ያለፈው ዓመት የሻምፒዮናው ፍጻሜ ተፋላሚዎች ነበሩ። 1-19 ለ 1-19 አቻ ወጡ፤ የኬሪው ወጣት ዴቪድ ክሊፈርድ በባከነ ሰዓት በቅጣት ምት አቻ አደረገ። አዳዲስ ሕጎችም ነበሩ። ሆን ብሎ ጥፋት ሠርቶ ጥቁር ካርድ ያየ ተጫዋች ለ10 ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ቡድኑም በ14 ሰው ይጫወታል። ቀድሞ ግን ተቀይሮ ይወጣ ነበር፣ ይህም ብዙም የሚጎዳ ቅጣት አልነበረም።

አምስት ዙር እንደተጫወቱ ማርች 12 ሁሉም ነገር ቆመ። የአየርላንድ በጋ፣ ጁላይና ኦገስት አካባቢ፣ ለየአካባቢው ክለቦች ተለቀቀ። የካውንቲ ቡድኖች የተመለሱት በኦክቶበር አጋማሽ፣ ተመልካች በሌለበት ሜዳ ነው። ሜዮ በመጀመሪያው ሳምንት ጎልዌይን 3-23 ለ 0-17 ደቆሰው። በሳምንቱ ግን በቲሮን ተሸንፎ ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወረደ፤ ከ20 ዓመት በላይ የቆየበት ቤት ነበር። ሚዝም አብሮት ወረደ። ያን ሁሉ ጎል የገባበት ጎልዌይ ግን ተረፈ። የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም፤ በራሱ ከተማ በትራሊ ዶኒጎልን 2-18 ለ 0-17 ያሸነፈው ኬሪ ሰንጠረዡን በአንደኝነት ስለጨረሰ ዋንጫውን ወሰደ። ለኬሪ 21ኛው የሊግ ዋንጫ ነበር።

ሻምፒዮናው ወዲያው ተከተለ። በጊዜ እጥረት የተነሳ ያለ ሁለተኛ ዕድል፣ በቀጥታ ጥሎ ማለፍ ሆነ፤ የአራቱ ክፍለ አገሮች ሻምፒዮኖች ለግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ። እዚህ ላይ ነው የሊጉ ሰንጠረዥ ጉድ የሆነው። ኖቬምበር 8 ኬሪ ከሦስተኛ ዲቪዚዮን ከመጣው ኮርክ ጋር ገጠመ። ተጨማሪ ሰዓቱም ሊያልቅ ነው፣ ኬሪ በአንድ ነጥብ ይመራል። ከላይ የመጣች ኳስ ጎሉ አፍ ላይ ወደቀች፣ ማርክ ኪን ይዞ መረብ ውስጥ ከተታት። ልጁ አውስትራሊያ ውስጥ የዚያን አገር እግር ኳስ የሚጫወት ነው፣ ለእረፍት ቤቱ በመጣበት ነው የተሰለፈው። የሊጉ ሻምፒዮን በአንድ ጨዋታ ተሰናበተ።

ከዚያ ኖቬምበር 22። ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ገና የወረደው ካቫን ዶኒጎልን አሸንፎ የኦልስተር ክፍለ አገርን ዋንጫ ወሰደ፣ ከ1997 ወዲህ የመጀመሪያው። በዚያው ቀን ቲፐራሪ ኮርክን 0-17 ለ 0-14 ረትቶ የመንስተር ክፍለ አገር ሻምፒዮን ሆነ፣ ከ1935 በኋላ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። የለበሱት ነጭና አረንጓዴ ማሊያ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ነበር። ኖቬምበር 21 ቀን 1920 የእንግሊዝ ኃይሎች በክሮክ ፓርክ በደብሊንና በቲፐራሪ ጨዋታ ላይ ተኩስ ከፍተው 14 ሰው ገድለዋል፤ የቲፐራሪው ተጫዋች ማይክል ሆጋን አንዱ ነው። የስታዲየሙ አንድ ወገን ዛሬም በስሙ ይጠራል። ለግማሽ ፍጻሜ የደረሱት ደብሊን፣ ሜዮ፣ ካቫንና ቲፐራሪ በ1920ም የየክፍለ አገራቸው ሻምፒዮን የነበሩት እነዚያው አራት ናቸው። ይህን ሰው ቢፈጥረው ማን ያምናል?

ዲሴምበር 19 ደብሊን ሜዮን 2-14 ለ 0-15 አሸንፎ ለስድስተኛ ተከታታይ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ዲን ሮክ ጨዋታው በተጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ጎል አገባ። ከአንደኛ ዲቪዚዮን የወረደው ሜዮ የአገሪቱ ሁለተኛ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ። በ2021 ሊግ ደግሞ ሁለቱ የክፍለ አገር ሻምፒዮኖች ካቫንና ቲፐራሪ፣ ዋንጫቸውን እንደያዙ፣ ወደ አራተኛ ዲቪዚዮን ወረዱ።